ኢብኑል ሀይሠም፡ እንቅስቃሴን ለሁለት ከፍለው ያዩት ዐሊም



ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በተለይ አዲስ ገቢ ተማሪዎቻችንን አስበን ነው። ቬክተር በሒሳብም በፊዚክስም ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይመጣል። ፎርሙላውን ሸምድደው ፈተናውን አልፈው፣ ነገሩ ለምን እንዳስፈለገ ሳይገባቸው የሚቀሩ ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ቬክተርን በአንድ ታላቅ ዐሊም ሕይወት በኩል ልናስተዋውቃችሁ ወደድን።

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም በ354 ዓመተ ሂጅራ፣ በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ኢራቅ ውስጥ በበስራ ከተማ ተወለዱ። በዘመናቸው የግሪኮች የጂኦሜትሪና የሥነ ፈለክ ኪታቦች ወደ ዐረብኛ ተተርጉመው ስለነበር የዩክሊድንና የቶለሚን ሥራዎች በቋንቋቸው ማጥናት ችለዋል። ያጠኑትን ግን እንዳለ አልተቀበሉም። በቶለሚ ላይ ያሏቸውን ጥርጣሬዎች የዘረዘሩበት ኪታብ እስከ ዛሬ አለ። የሰው ስም ቢገንም ማስረጃው ካልቆመ ንግግሩ አይቆምም የሚለው አቋማቸው ሕይወታቸውን ሙሉ አብሯቸው ኖረ።

ይህ አቋም ክፉኛ የተፈተነው በአባይ ጉዳይ ነው። ታሪኩን ከእሳቸው ሁለት መቶ ዓመት በኋላ የኖሩት ኢብኑል ቂፍጢ ጽፈውታል። ያኔ ግብፅን ይገዛ የነበረው የፋጢሚዮች ኸሊፋ አል-ሃኪም ነበር። የግብፅ ገበሬ ኑሮ በዚያ ዘመን በአባይ ሙላት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በእኛ ደጋ ክረምቱ ሲበረታ ወንዙ ሞልቶ ይደርስላቸው ነበር፤ ዝናቡ ካነሰ ደግሞ ረሃብ ይሆን ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ኢራቅ ሳሉ፣ ግብፅ ብሆን ኖሮ ወንዙ ሲሞላም ሲጎድልም እንዲጠቅም አደርግ ነበር ማለታቸው ኸሊፋው ጆሮ ደረሰ። ኸሊፋውም አስጠርቶ በክብር ተቀበላቸው፤ ባለሙያዎችም ሰጥቶ ወደ ላይኛው ግብፅ ላካቸው።

በመንገዳቸው የጥንት ግብፃውያንን ሕንጻዎች አዩ። ልኬታቸው የተስተካከለ፣ ሥራቸው የረቀቀ ነበር። እንዲህ የሠሩ ሰዎች ወንዙን መግታት ቢቻል ኖሮ ይተዉት አልነበረም ብለው አሰቡ። ከአስዋን በስተደቡብ ያለውን ቦታ መርምረው ያቀዱት እንደማይሆን አረጋገጡ። ከዚያም ወደ ካይሮ ተመልሰው ለኸሊፋው እውነቱን ነገሩት።

አል-ሃኪም ሹማምንቱን በማስገደል የታወቀ ገዥ ነበር። ይቅርታቸውን ተቀብሎ በመንግሥት ሥራ ቢመድባቸውም እሳቸው በሕይወታቸው ሰጉ። በኢብኑል ቂፍጢ ዘገባ መሠረት ያገኙት መውጫ እንደ አበደ ሰው መሆን ነበር። ንብረታቸው ተወሰደ፤ እሳቸውም በቤት ውስጥ እንዲጠበቁ ተደረገ። ነጻ የወጡት አል-ሃኪም በ1021 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ነው። በሰባት ክፍሎች የተጻፈውን ታላቁን ሥራቸውን፣ ኪታብ አል-መናዚርን፣ ብዙ ተመራማሪዎች ከ1011 እስከ 1021 ባሉት በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ ያስቀምጡታል። ኪታቡ ስለ ብርሃንና ስለ ማየት ነው። የቬክተርን መንፈስ የምናገኘውም እዚያ ነው።

እስቲ ቬክተር ምን እንደሆነ እንይ። አንድ እንግዳ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ መካ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ቢጠይቀን፣ በቀጥታ መስመር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ እንለዋለን። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ለሶላት አያቆመውም። ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ከሰሜንም ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል አድርጎ እንዲያዞር ስንነግረው ነው ቂብላውን የሚያገኘው። ርቀቱ ብቻ ሲሆን ስኬላር ይባላል፤ መጠንና አቅጣጫ አብረው ሲነገሩ ቬክተር ይሆናል። የዕቃ ክብደት በኪሎ፣ የክፍል ሙቀት፣ የሰዓት ርዝመት አቅጣጫ የላቸውም። ፍጥነትና ግፊት ግን ወዴት የሚል ጥያቄ ይከተላቸዋል። ኢብኑል ሀይሠም ራሳቸው የቂብላን አቅጣጫ በስሌት ስለማግኘት የጻፉት ሪሳላ አላቸው።

ቬክተርን በወረቀት ላይ በቀስት እንሥለዋለን። የቀስቱ ርዝመት መጠኑን፣ ጫፉ አቅጣጫውን ያሳያል። ሁለት ቬክተሮችን ለመደመር የሁለተኛውን ጅራት ከመጀመሪያው ጫፍ ላይ እናስቀምጥና ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንድ ቀስት እንሥላለን። 3 እርምጃ ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ 4 እርምጃ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው 7 እርምጃ ተራምዷል፤ ከመነሻው የራቀው ግን 5 እርምጃ ብቻ ነው። 3 በ3 ሲባዛ 9፣ 4 በ4 ሲባዛ 16፣ ድምሩ 25፣ የ25 ስኩዌር ሩት ደግሞ 5 ነውና።

መደመር ከተቻለ መበተንም ይቻላል። አንዱን ሰያፍ ቀስት በሁለት ቀጥ ያሉ ቀስቶች መተካት ማለት ነው፤ እነዚህን ኮምፖነንት እንላቸዋለን። ኢብኑል ሀይሠም የተጠቀሙበት ይህንኑ ነው። ብርሃን መስታወት ላይ ሲያርፍ የገባበት ማዕዘንና የወጣበት ማዕዘን እኩል መሆኑ ከእሳቸው በፊት በግሪኮች ዘንድ ይታወቅ ነበር። እሳቸው ግን ለምን ብለው ጠየቁ። ብርሃንን በብረት መስታወት ላይ ከተወረወረች ትንሽ የብረት ኳስ ጋር አመሳሰሉት። የኳሷን ሰያፍ እንቅስቃሴ ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ከመስታወቱ ገጽ ጋር ትይዩ፣ ሌላው ለገጹ ቀጤ ነክ። መስታወቱ የሚያግደው ቀጤ ነኩን ብቻ ነው፤ እሱ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ትይዩውን የሚከለክለው ስለሌለ እንደነበረ ይቀጥላል።

በቁጥር እንሞክረው። መስታወቱ ወለል ላይ ተነጥፏል እንበል። ኳሷ በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ቀኝ፣ በሰከንድ 4 ሜትር ወደ ታች ትመጣለች። ይህን (3፣ -4) ብለን እንጽፋለን። ኃይሏን ሳታጣ ከነጠረች 3ቱ ባለበት ይቆያል፤ -4 ወደ +4 ይዞራል። ስለዚህ (3፣ 4) ሆና ትወጣለች። ፍጥነቷ በፊትም በኋላም በሰከንድ 5 ሜትር ነው። ሁለቱን ቀስቶች ሥላችሁ ከወለሉ ጋር የሚሠሩትን ማዕዘን ብትለኩ እኩል ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ሕጉ ከሁለት ትናንሽ ቁጥሮች ወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ቬክተርን የፈጠሩት ኢብኑል ሀይሠም ናቸው ብንል በእሳቸው ላይ መዋሸት ነው። አየርላንዳዊው ዊሊያም ሮዋን ሃሚልተን ኳተርንየን የተባሉትን ቁጥሮች ያገኘው በ1843 ነው፤ ቬክተር የሚለውን ቃልም ወደ ሒሳብ ያስገባው እሱ ነው። ዛሬ የምንማርበትን መልክ የሰጡት ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ጊብስና እንግሊዛዊው ሄቪሳይድ ናቸው። የኢብኑል ሀይሠም ድርሻ እንቅስቃሴን በኮምፖነንት ከፍሎ የብርሃንን ጠባይ ማስረዳት ነው፤ ይህም በራሱ ትልቅ ነው። ኪታባቸው ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ለዘመናት ተጠንቷል፤ በ1572ም ባዝል ከተማ ላይ ታትሟል። ያልሠሩትን ልንጨምርላቸው አያስፈልገንም። በኸሊፋ ፊት ቆመው ያሉት አይቻልም ብለው የተናገሩ ሰው፣ በስማቸው ሲጋነንላቸው ደስ የሚላቸው አይመስለንም።

ከእስር ከወጡ በኋላ አል-አዝሃር መስጂድ አጠገብ ተቀመጡ። ኑሯቸው የዩክሊድንና የቶለሚን ኪታቦች በእጃቸው ገልብጠው በመሸጥ ነበር። በዚያ ክፍያ እየኖሩ መጻፍና መመርመሩን አላቋረጡም። በ430 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1040 እ.ኤ.አ. ገደማ ካይሮ ውስጥ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ቬክተር ያለበት ጥያቄ ሲገጥማችሁ ፎርሙላ ከመፈለጋችሁ በፊት ቀስቱን ሣሉ፤ ከዚያ ለሁለት ክፈሉትና የትኛው ኮምፖነንት እንደሚለወጥ፣ የትኛው ባለበት እንደሚቀጥል ጠይቁ። የከበዳችሁ ካለ የጀመዓው የጥናት ቡድን አብሯችሁ ይሠራል ኢንሻአላህ። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይጨምርልን። አሚን።