ዶ/ር አክሊሉ ለማ፦ የእንዶዱ ተመራማሪ እና ዓመታት የጠበቀው ማስረጃ

በሶፊና በሌሎች የሐረር ዙሪያ ገጠሮች ያሉ እናቶች እንዶድን ሀንዶዴ ይሉታል። ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ለዒድ የሚለበሰው ነጭ ልብስ የሚጸዳው በፍሬው አረፋ ነበር። ዛሬ ሕይወታቸውን በአጭሩ የምናስቃኛችሁ ዶ/ር አክሊሉ ለማ ስማቸው ከዚህ ተክል ጋር ተቆራኝቶ የቀረ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ትምህርታቸውን በአሜሪካ አጠናቀው ከተመለሱ ብዙም ሳይቆዩ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ጥናት ያደርጉ ነበር። የቢልሃርዝያ ትል በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ከላይኛው ውኃ በሕይወት ያሉትን አምጥተው የእንዶድ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ። እነርሱም ሞቱ። ሴቶቹ ይህን ተክል ከማንም በፊት ያውቁታል፤ የተመራማሪው ድርሻ ቆም ብሎ ማየትና መጠየቅ ነበር።

የመጀመሪያ ዘገባቸው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ1970 ደግሞ የላቦራቶሪና የመስክ ውጤታቸው በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ወጣ። በመካከሉ፣ በ1966፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም በአዲስ አበባ መሠረቱ። በዓድዋ የተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ ከሁሉም በላይ ተጠቃሽ ነው፦ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

በዓድዋ የታየው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳ ነው። ሌላው ዓይነት የሽንት ፊኛን ያጠቃል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህንን ትል በ1994 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምክንያቶች ተራ መድቦታል። ሁለቱም ዓይነቶች ያለ ቀንድ አውጣ አይተላለፉም።

የቆዳ በሽታም ሠርተዋል። በ1969 ከአምስት ባልደረቦቻቸው ጋር በደጋው ኢትዮጵያ ስለሚገኘው ቁንጭር ያሳተሙት ጥናት የመጀመሪያ ስማቸው የእርሳቸው ነው። ቁንጭር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሲሆን፣ መላ ሰውነትን የሚያለብሰው ዓይነቱ ከሥጋ ደዌ ጋር ይምታታል። ሥጋ ደዌ ሲነሣ ቢሲዲሞን የሚያስታውሰው የሐረር ሰው፣ በስህተት የዚያ በሽታ ስም የተለጠፈበት ሰው ምን እንደሚገጥመው አይጠፋውም።

ወደ እንዶዱ እንመለስ። በውጭ የሚመረተው የቀንድ አውጣ መግደያ ኬሚካል ለድሃ አገር ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን በየአጥሩ ይበቅላል። የግብርና ባለሙያው ዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ከየአካባቢው ከሰበሰቧቸው ዝርያዎች መካከል ቁጥር 44 የተባለውን የተሻለ ሆኖ አገኙት። በተክሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገርም በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ማስረጃው ደረጃቸውን በጠበቁ ላቦራቶሪዎች ያልተፈተነ ነው በማለት ተክሉን ለመምከር ለዓመታት አመነቱ። የመርዛማነት ምርመራ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ወንዙ የሰውም የከብትም መጠጥ ነውና። ነገር ግን ፈተናውን የሚጠይቁት አቅሙ ያላቸው ሆነው ሳለ ለመፈተን መዘግየታቸው፣ በእኛ እይታ፣ ለሳይንስ ጥንቃቄ ብቻ የሚሰጥ ስም አይደለም። ዶ/ር አክሊሉም በአፍሪካ ላቦራቶሪ የወጣ ውጤት እምነት እንደሚነፈግ በአደባባይ ይናገሩ ነበር። የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ያገዘው የደኅንነት ምርመራ የተገባደደው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ዶ/ር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

ዛሬ ቢልሃርዝያን ለመከላከል በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ነው። ኪኒኑ በልጁ ገላ ያለውን ትል ይገድላል፤ ቀንድ አውጣው ግን ወንዙ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ልጁም ተመልሶ ሲዋኝ እንደገና ሊያዝ ይችላል።