ሉዊ ፓስተርና በአየር የሚበሩት የሻጋታ ዘሮች

ያደረ እንጀራ አረንጓዴ ነጥብ አውጥቶ ስናገኘው ሻገተ ብለን እንጥለዋለን እንጂ ሻጋታው ከየት መጣ ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ከራሱ ከእንጀራው ፈለቀ ወይስ ከውጭ ገባ? ይህች ተራ የምትመስል ጥያቄ ከ160 ዓመት በፊት የፈረንሳይን ሊቃውንት ለሁለት ከፍላ አነታርካለች። በዚህ እትማችን የምናነሣው ሉዊ ፓስተር ስሙ የገነነው በእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። እኛ ግን ወደ ክትባቱ አንገባም። የምንተርከው ከዚያ 25 ዓመት ቀደም ብሎ አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ሲያሳድድ ስለነበረው ፓስተር ነው። ደግሞም ሰውዬው የእኛው ቤት ልጅ ነው፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ምሩቅ! (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓስተር ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን አርቧ በተባለችው ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ ቆዳ አልፊ ነበር። ልጁ በትምህርቱ ይህን ያህል የሚደነቅ አልነበረም፤ የጎረቤቶቹን መልክ መሣል ይወድ ነበር። በ1838 ለትምህርት ፓሪስ ቢላክ ናፍቆት ስላሸነፈው ወዲያው ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1842 በወሰደው ፈተና የኬሚስትሪ ውጤቱ ደካማ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ኤኮል ኖርማል፣ ማለት መምህራን ወደሚሠለጥኑበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ቢያልፍም ደረጃው ዝቅ በማለቱ አልረካም። እንደገና አጥንቶና ተፈትኖ በ1843 በተሻለ ደረጃ ገባ።

ከዚያ በኋላ በስትራስቡርና በሊል አስተማረ፤ በ1857 የሳይንስ ትምህርት ኃላፊ ሆኖ ወደ ኤኮል ኖርማል ተመለሰ። ቤተ ሙከራ ግን አልነበረውም። ከጣራ ሥር ባለ ቆጥ ላይ በራሱ ወጪ አደራጀ። ብልቃጦቹን የሚያሞቅበትን ሣጥን ከደረጃ ሥር ስላስቀመጠው የሚገባው በጉልበቱ እየዳኸ ነበር። ቤተ ሙከራ የለንም ብለን የሣይንስ ትምህርት በቃል ብቻ ለምንሰጥ ለእኛ ይህች ነገር ትንሽ ትቆረቁራለች።

በ1858 መጨረሻ የሩዋን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ፌሊክስ ፑሼ ሕይወት ያለ ወላጅ ከሞተ ነገር በራሱ እንደሚፈልቅ አረጋገጥሁ አለ። የሣይንስ አካዳሚው በ1860 ነገሩን ለሚያጠራ ሰው የ2,500 ፍራንክ ሽልማት አዘጋጀ። የፓስተር ወዳጆች በዚህ ክርክር ውስጥ አትግባ፣ መውጫ የለውም ብለው መክረውት ነበር፤ አልሰማም። በ1859 የመጀመሪያ ልጁ ዣን በታይፎይድ ሞታበት ልቡ ተሰብሮ ነበር። የዚያን ጊዜ በሽታ ከየት እንደሚመጣ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም።

መጀመሪያ የሠራው እንዲህ ነው። ለባሩድ የሚሆን ልዩ ጥጥ በቱቦ ውስጥ ወተፈና የውጭውን አየር ሳበበት። ጥጡ በቆሻሻ ጠቆረ። ጥጡን በአልኮልና በኤተር ድብልቅ ካሟሟው በኋላ የቀረውን ዝቃጭ በማይክሮስኮፕ ቢያየው ከሻጋታ ዘር የማይለዩ ክብና ሞላላ ነገሮች አገኘ። እነዚህን ዘሮች ስፖር እንላቸዋለን፤ ብዙዎቹ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞሉም። ቀጥሎ በስኳርና በእርሾ ውኃ የተሞሉ ብልቃጦችን አንገት በእሳት አቅጥኖ አጣመመና አፈላቸው። አየር እንደ ልብ ይገባል፤ ብናኙ ግን ከጥምዙ ላይ ይቀራል። ውኃው ሳይበላሽ ከረመ። አንገቱ ሲሰበር ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ሻገተ።

ታዲያ ዘሩ በየቦታው እኩል ነው? በ1860 ክረምት ሊወጣ ሲል ፓስተር የታሸጉ ብልቃጦቹን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። አርቧ አጠገብ ሜዳ ላይ 20 ብልቃጥ ከፍቶ መልሶ አሸገ፤ 8 ተበላሹ። 850 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ 20 ከፈተ፤ 5 ተበላሹ። ከዚያ ብልቃጦቹን በበቅሎ አስጭኖ ከሞን ብላን አጠገብ ወዳለው የበረዶ ግግር ወጣ። የመጀመሪያው ቀን አልተሳካለትም። ፀሐዩ በበረዶው ላይ ሲያንጸባርቅ የመብራቱ ነበልባል አልታይ አለው፤ ነፋሱም አስቸገረው፤ ብልቃጦቹን ማሸግ አቃተው። ክፍት እንደሆኑ በእንግዳ ማረፊያው አቧራማ ክፍል አደሩና አብዛኞቹ ተበላሹ። በማግሥቱ መብራቱን አሻሽሎ ሌሎች 20 ከፈተ። የተበላሸው 1 ብቻ ነበር።

በ1862 ሽልማቱን ወሰደ። በኤፕሪል 1864 በሶርቦን አዳራሹን አስጨልሞ አንድ የብርሃን ጨረር በመልቀቅ በአየር ላይ የሚጨፍረውን ብናኝ ለተሰብሳቢው በዓይኑ አሳየ። የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከተባለ ይኸ ነው!

ለፑሼም ፍርድ እንስጥ። እሱና ጓደኞቹ በ1863 ፒሬኔ ተራራ ላይ ብልቃጥ ከፍተው ሁሉም ተበላሽቶባቸዋል፤ አልዋሹም። የተጠቀሙት የድርቆሽ ውኃ ነበር። በድርቆሽ ላይ የሚገኝ አንድ ባክቴሪያ ዘሩ በመፍላት እንደማይሞት የታወቀው ገና በ1870ዎቹ ነው። ፓስተር ድርቆሽ ቢጠቀም ኖሮ እሱም ግራ በተጋባ ነበር።

በአስተዳደር በኩል ግን ሰውዬው አስቸጋሪ ነበር። ተማሪዎቹ አንበላም ያሉት የበግ ወጥ ሰኞ ሰኞ ይቅረብ አለ፤ ሲጋራ ያጨሰ ይባረራል ቢል ከ80 ተማሪዎች 73ቱ ለቀን እንሄዳለን አሉ። በ1867 ከኃላፊነቱ ተነሣ። በ1868 ግራ ጎኑን ሽባ ያደረገ ሕመም መታው፤ ቢሆንም እስከ 1870 የሐር ትል በሽታን መርምሮ ጨረሰ።

የብናኙ ጉዳይ ግን በሌሎች እጅ አደገ። በግላስጎው ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር የፓስተርን ሥራ አንብቦ ከ1865 ጀምሮ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማከም ያዘ። በፓሪስ ፒየር ሚኬል ለዓመታት በአየር ውስጥ ያለውን ዘር ሲቆጥር በበጋቸው ወራት እየበዛ በብርዱ ወራት እየቀነሰ አገኘው። ዛሬ የሻጋታ ስፖር አስም እንደሚቀሰቅስ፣ የሻገተ ድርቆሽ አቧራ የገበሬን ሳንባ እንደሚጎዳ ይታወቃል። የስንዴ ዋግም በነፋስ የሚጓዝ ስፖር ነው፤ በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን የስንዴ ማሳዎች ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል።

ፓስተር ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ሞተ። በስሙ የተቋቋሙ ተቋማት በብዙ አገር ተስፋፍተዋል፤ አዲስ አበባ ጉለሌ የነበረውም አንዱ ሲሆን፣ ስሙ ተለውጦም ቦታውን ፓስተር ብሎ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። ፓሪስ በሚገኘው ሙዚየም ደግሞ ከብልቃጦቹ አንዳንዶቹ ተቀምጠዋል፤ ውኃቸው እስከ ዛሬ ጥርት እንዳለ ነው።