ኒኮላይ ቫቪሎቭ፤ የአዝርዕትን ጥንተ አገር የመረመረ ሊቅ

የምድር ልብስ የሆኑት ዕፀዋት በዓለም ላይ በእኩልነት አልተከፋፈሉም። በዋልታዎች አጠገብ ባለው ቀዝቃዛ ምድር የሚበቅሉት ጥቂት ዓይነት ብቻ ሲሆኑ፣ ወደ ምድር ወገብ በተቀረበ ቍጥር፣ ይልቁንም ደጋና ቆላው ተቀራርቦ በሚገኝበት ተራራማ አገር፣ ዓይነታቸው እየበዛ ይሄዳል። ሰው ዘርቶ የሚያበቅላቸው አዝርዕትስ እንዴት ተከፋፍለዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ዕድሜውን የሰጠው ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። ታሪኩ በየትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው ስለሆነ ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ ይተረካል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቫቪሎቭ በ1887 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ በፊዚክስ ትምህርት ስመ ጥር ሆኖ በ1945 የሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል። ኒኮላይ ግን የመረጠው የእርሻን ትምህርት ነው። በሞስኮ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ዊልያም ቤትሰን ከተባለው የዘር ውርስ ሊቅ ዘንድ ዕውቀቱን አዳበረ፤ በ1917ም በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1921 በቮልጋ ወንዝ ዙሪያ ድርቅ ገብቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ በረኃብ አለቀ። በዚያው ዓመት ቫቪሎቭ ወደ ፔትሮግራድ ተዛውሮ አዝርዕትን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት አለቃ ሆነ። ድርቅን፣ ውርጭንና በሽታን የሚችል ዘር መፈለግ ለአገሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

የቫቪሎቭ ሐሳብ እንዲህ ነው። አንድ ሰብል ዓይነቱ በዝቶ የሚገኝበት አገር፣ ሰው ያን ሰብል መጀመሪያ ከዱር አውጥቶ የዘራበት አገር ነው። ሰብሉ ረጅም ዘመን በኖረበት ምድር ጠባዩ ይለያያል፤ ወደ ሩቅ አገር ሲሻገር ግን ጥቂቱ ዘር ብቻ ይሄዳልና ዓይነቱ ያንሳል። ይህንንም ለማረጋገጥ ወደ ፋርስና ወደ ፓሚር ተራሮች፣ ወደ አፍጋኒስታን፣ ወደ ሜዲቴራኒያን አገሮች፣ ወደ ምዕራብ ቻይና፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ደቡብ አሜሪካ ተጓዘ። ስለዚሁ ነገር የጻፈው ዋና መጽሐፍ በ1926 ታተመ። በኋላም የአዝርዕትን ምንጮች በስምንት ከፈላቸው፤ እነርሱም ቻይና፣ ህንድ፣ መካከለኛው እስያ፣ ቅርብ ምሥራቅ፣ የሜዲቴራኒያን ዳርቻ፣ ኢትዮጵያ፣ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ፣ እንዲሁም የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ናቸው። አብዛኞቹ ተራራማ አገሮች መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ቀን መንገድ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ በሚፈራረቅበት ምድር፣ ሸለቆውም ሸለቆውን በሚለይበት ስፍራ፣ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ዘር ሲያቈይ ይኖራል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1926 መጨረሻ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት። ከአዲስ አበባም ተነሥቶ በበቅሎ እየተጓዘ እስከ ኤርትራ ድረስ በየመንገዱ ዘር ሰበሰበ። የስንዴውና የገብሱ ዓይነት መብዛት እጅግ አስደነቀው፤ በዛላው ላይ እንደ ጢም የሚቆመው ሹል የሌለውን የማካሮኒ ስንዴም አገኘ። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ደግሞ የዚሁ ምድር ተወላጆች ናቸው። ኋላ የተነሡ ሊቃውንት ግን ሐሳቡን በአንድ ነገር አርመውታል። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የተዘሩት በቅርብ ምሥራቅ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከገቡ በኋላ በገበሬው እጅ በዝተው ተለያዩ። ስለዚህ የዓይነት መብዛት ሁልጊዜ የትውልድ ምስክር አይደለም።

የዓይነት መብዛት ጥቅሙ በችግር ቀን ይታወቃል። በ1845 በአየርላንድ የድንች በሽታ በገባ ጊዜ ድሃው ሕዝብ በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ድንች ይኖር ስለ ነበር አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና ረኃብ ባመጣው በሽታ አለቀ። በአንጻሩ በኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ የተገኘ የዘር ጠባይ ገብስን አመንምኖ ቢጫ የሚያደርገውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ሆኖ፣ የካሊፎርኒያን የገብስ እርሻ ረድቷል።

ቫቪሎቭ ግን የድካሙን ዋጋ አላገኘም። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው የእርሻ ባለሙያ የዘር ውርስን ትምህርት ሐሰት ነው በማለት በአጭር ጊዜ ብዙ ምርት እንደሚያስገኝ ተስፋ ሰጠ፤ ስታሊንም ደገፈው። ቫቪሎቭ ያመነበትን አልክድም በማለቱ በነሐሴ ወር 1940 ተያዘ፤ በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ በኋላም ፍርዱ በሃያ ዓመት እስራት ተለወጠ። በእስር ቤት ሳለ ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ መጽሐፍ ጻፈ፤ ጽሑፉ ግን ጠፍቷል። አብረውት ለታሰሩትም የሚያውቀውን ያስተምር ነበር። የዓለምን እህል ሁሉ የሰበሰበው ሊቅ በምግብ እጦት ተጐድቶ በጥር ወር 1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት ሞተ። ንጹሕ መሆኑ የታወጀው በ1955 ነው።

በዚያው የመከራ ዘመን የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከ1941 እስከ 1944 ከብቦ ነበር። በቫቪሎቭ መሥሪያ ቤት የቀሩት ባለሙያዎች በስንዴ፣ በሩዝና በባቄላ ዘር መካከል ተቀምጠው ለመጪው ትውልድ የተጠበቀውን ሳይነኩ ብዙዎቹ በረኃብ ሞቱ። የሩዙን ዘር ይጠብቅ የነበረው ባለሙያም ከነዚሁ አንዱ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለመምህር ሁለት ትምህርት ይወጣል። አንደኛው፣ ዕውቀት በሥልጣን ትእዛዝ እውነት ወይም ሐሰት እንደማይሆን ነው። ቫቪሎቭን ያረሙት ማስረጃ ይዘው የመጡት ሊቃውንት እንጂ ያሰሩት ሰዎች አይደሉም። ሁለተኛው፣ የዘር ሀብት በቸልተኝነት የሚጠፋ መሆኑ ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ቢቋቋምም፣ ገበሬው መዝራቱን የተወው ዘር ሁሉ ከማከማቻው ይገኛል ማለት አይደለም። ስለዚህ ተማሪዎች ወላጆቻቸው የሚዘሩትን እህል ዓይነት በዓይነት በስሙ ለይተው፣ የበቀለበትን ቀበሌና የአገሩን ደጋነት ወይም ቆላነት ጽፈው እንዲያመጡ ብናደርግ፣ የጂኦግራፊና የዕፀዋት ትምህርት ከመጽሐፍ ወጥቶ በእጃቸው ይገባል። አያቶቻቸው በስም ለይተው ያቈዩትንም ዘር ዋጋውን ዐውቀው ይጠብቁታል።