ካርል ተርዛጊና የሸክላ አፈር ጠባይ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ የዋልካን ጠባይ ከኛ ቀድሞ ያውቃል። በበጋ ተሰነጣጥቆ የከረመው ጥቁር አፈር ክረምት ሲገባ አብጦ ይገጥማል፤ ስለዚህ ምርጫ ያለው ሰው ቤቱን ከደረቁ ጉብታ ላይ ይቀልሳል። መሐንዲሱ ግን ትምህርት ቤቱን ወይም ጤና ጣቢያውን ከተሰጠው ሜዳ ላይ ማቆም ግድ ይሆንበታል። አፈሩ በሕንፃ ክብደት ምን ያህል እንደሚሰምጥ አስቀድሞ ለማስላት መንገዱን የከፈቱት ካርል ተርዛጊ ናቸው።

ተርዛጊ በ1883 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፕራግ ተወለዱ። በግራዝ የተማሩት የመካኒካል ምሕንድስና ቢሆንም ከ1904 ምረቃቸው በኋላ ኑሯቸው ከግንባታ ጋር ተቆራኘ። በ1912 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከአንዱ የግድብ ሥራ ወደ ሌላው ተዘዋወሩ። የፈለጉት የአፈርን ዓይነት ከሕንፃ መስመጥ ጋር የሚያገናኝ ሕግ ነበር፤ ሳያገኙትም አዝነው ተመለሱ።

በ1916 ወደ ኢስታንቡል ተልከው በመሐንዲሶች ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ከጦርነቱ በኋላም በሮበርት ኮሌጅ ቀጠሉ። ለመሣሪያ መግዣ ገንዘብ ስላልነበረ ከሲጋራ ሣጥንና ከወዳደቀ ዕቃ መሞከሪያ ሠሩ። ዛሬ በየላቦራቶሪው የምናየው መሣሪያ የዚያ ልጅ ነው፤ በውሃ የራሰ ሸክላ በብረት ቀለበት ውስጥ ውሃ በሚያሳልፉ ሁለት ድንጋዮች መካከል ይቀመጣል፤ ጭነቱ ደረጃ በደረጃ እየተጨመረ የናሙናው መሳሳት ይለካል። ተርዛጊ የተረዱት ዋና ነገር ጭነቱን በመጀመሪያ የሚሸከመው በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ መሆኑን ነው። ውሃው ቀስ በቀስ ሲወጣ ጭነቱ ወደ አፈሩ ቅንጣቶች ይተላለፋል፤ አፈሩም ይታመቃል። የንብርብሩ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በሁለት ሳንቲሜትር ናሙና በአንድ ቀን የሚፈጸመው በሜዳ ላይ ዓመታት ይፈጃል። ሕንፃው ተመርቆ ቁልፉ ከተሰጠ በኋላ ግድግዳው የሚሰነጠቀው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በዋልካ ላይ ግን ቀላል ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከመስመጥ ይልቅ በማበጥ ይጎዳል። ይህንንም ያው ቀለበት ይለካዋል፤ ናሙናው ውሃ ሲጠጣ መለኪያው ወደ ላይ ይነሣል። የደብረ ታቦርን ውጤት ለስማዳ መገልበጥ፣ ወጪ ቆጣቢ መስሎ ቢታይም፣ ከግምት አይሻልም።

ቀመሩ በ1923፣ መጽሐፋቸው በ1925 ወጣ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በቪየና፣ ከ1938 ወዲህም በሃርቫርድ አስተማሩ፤ በ1963 ዐረፉ። በሁለተኛው ዓመት በካናዳ፣ እጅግ በሚታመቅ ሸክላ ላይ ያማከሩበት ግድብ በስማቸው ተጠራ።