ድምፁ ሳይሰማ የተወደደው ፈረሰኛ

ዘንድሮ በመጽሔታችን የምናቀርብላችሁ የሕይወት ታሪክ የአንድ አሜሪካዊ የሲኒማ ሰው ነው። ዕድርና ካውቦይ ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። እናገናኛቸዋለን፤ ትንሽ ታገሡን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ እንድታውቁልን።

ሰውየው ዊልያም ሐርት ይባላል። ካውቦይ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጃንጎና ወደ ትሪኒቲ ነው። እነዚያ ጣልያኖች የሠሯቸው፣ ጥይት የሚንጣጣባቸው ፊልሞች ናቸው። ሐርት ግን ከእነሱ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ፊልም ገና ድምፅ ሳይኖረው ነው የሠራው። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤቷን ሰይጣን ቤት ብላ የሰየመችው በዚያ ድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ጭሱ ይታያል እንጂ ጥይቱ አይሰማም። ወንዱ ሴቲቱን ሲያነጋግራት ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ምን እንዳላት አይታወቅም፤ አልፎ አልፎ ብቻ ሁለት ሦስት መስመር ጽሑፍ ብቅ ብሎ ይጠፋል። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ፒያኖ ይመታል፤ ሌላው ሁሉ በዓይን ነው።

ታዲያ ያለ ቃል ፍቅርን ማስረዳት እንዴት ይቻላል? ይህ ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች እንግዳ ጥያቄ ሊሆን አይገባም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም አዝዋ ማርያምን የተሳለመ ሰው የመቅደሱን ግድግዳ ያውቀዋል። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ታሪኩን የሚያነበው ከዚያ ነበር። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዓይኑ ይሥሉታል፤ ክፉውን ደግሞ በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይኑ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረሱ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ ብሩታዊት ዛፉን ይዛ ታያለች። አንዲት ቃል ሳይነገር ነገሩ ሕፃን ሳይቀር ይገባዋል። ቅዱሱን ከአክተር ጋር ማመሳሰላችን እንዳልሆነ ይታወቅልን፤ የምናወራው ስለ አሣሣሉ ነው። ሐርትም ያደረገው ይኸንኑ ሲሆን አንድ ነገር ግን ጨመረበት። እሱ የሚሠራው ሰው ፊልሙ ሲጀመር በአንድ ዓይን የሚሣል ዓይነት ነው፤ ሲያልቅ በሁለት ዓይን ነው። መሐል ላይ የምትቆመው ሴት ናት።

ሐርት በ1864 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ኒውበርግ ከምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የወፍጮ ባለሙያ ስለ ነበር ሥራ ፍለጋ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ምዕራብ ተንከራተተ። ልጁም ቀይ ሕንዶች ከሚባሉት ከነባር ተወላጆች ልጆች ጋር እየተጫወተ፣ ከቋንቋቸውም እየለቀመ አደገ። በኋላ ኒው ዮርክ ተመልሶ የቴአትር ሰው ሆነ። ከሃያ ዓመት በላይ መድረክ ላይ ቆሟል። በ1899 «ቤን ሐር» የተባለው ትልቅ ቴአትር ሲከፈት ክፉውን ሠረገለኛ መሳላን የተጫወተው እሱ ነበር፤ ለሠረገላው ሽቅድምድም እውነተኛ ፈረሶች መድረክ ላይ እንዲሮጡ የተደረገበት ቴአትር ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይህ ሰው እንጀራው ድምፁ ነበር።

አንድ ጊዜ ለቴአትር ሲዞር ክሌቭላንድ ከተማ ሲኒማ ገብቶ የካውቦይ ፊልም ያያል። ተናደደ። አለባበሱ ውሸት፣ ፈረስ አያያዙ ውሸት፣ ሁሉ ነገሩ የከተማ ልጅ ጨዋታ ሆነበት። በልጅነቱ ያየውን አገር እንዳየው ማሳየት አለብኝ ብሎ በ1914 ካሊፎርኒያ ወረደ። ቶማስ ኢንስ የሚባለው የፊልም አሠሪ የድሮ ወዳጁ ነበር፤ የካውቦይ ፊልም ጊዜው አልፏል ብሎ ሊመልሰው ሞከረ። ሐርት እሺ አላለም። በሳምንት 125 ዶላር ተቀጠረ። ዕድሜው 49 ነበር። መቼም በዚህ ዕድሜ ሙያ የሚለውጥ ሰው በእኛም ሰፈር ብዙ ምክር ይበዛበታል።

መልከ መልካም አልነበረም። ፊቱ ረጅምና የደረቀ፣ ከንፈሩ ቀጭን ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ አክተሮች ቃል ስላልነበራቸው እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ዓይናቸውን እያጉረጠረጡ ነበር የሚሠሩት። ሐርት ግን ዝም ብሎ ይቆማል። ካሜራው ወደ ፊቱ ሲጠጋ ዓይኑ ብቻ ይለወጣል። በፊልሞቹ ውስጥ አቧራው አቧራ ነው፤ ልብሱ የተጎሳቆለ፣ ቤቱ ያልተላገ ሳንቃ ነው።

ከፊልሞቹ ሁሉ እኛ የምናስበልጠው በ1916 የወጣውን «ሔልስ ሂንጅስ» ነው። የሲኦል ማጠፊያ እንደ ማለት ሲሆን የከተማይቱ ስም ነው። ሕግ የማይታወቅባት ከተማ ናት። አንድ ወጣት ሰባኪ ከእኅቱ ጋር እንደሚመጣ ይሰማል። የመጠጥ ቤቱ ጌታ ገበያዬ ሊዘጋ ነው ብሎ ብሌዝ ትሬሲ የተባለውን ተኳሽ፣ ማለት ሐርትን፣ ሰባኪውን እንዲያባርርለት ያዘጋጀዋል። ሠረገላው መጣ። ብሌዝ ሽጉጡን ታጥቆ ቆሟል። እኅትዮዋ ወረደች፤ አየችው። አለቀ። አላባረረም፣ አልተኮሰም፣ ምንም አላደረገም። ተመልካቹ ግን ሰውየው መለወጡን በዚያች ቅጽበት አወቀ። ቆይቶ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ ይታያል፤ የውስኪ ጠርሙሱ ግን ከአጠገቡ አልተነሣም። ይህችን እንወድለታለን፤ ሰው በአንድ ሌሊት አይነጻማ! ሰባኪው ራሱ ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ አስክረው አዋረዱት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ፤ እሱም ተገደለ። ብሌዝ ሲመለስ የመጠጥ ቤቱን ጌታ ገደለ፣ ቤቱንም አነደደው፣ እሳቱ ከተማይቱን ጠቅልሎ በላ። ከወንድሟ መቃብር ላይ ያገኛታል፤ ተራራውን ተሻግረው አብረው ይሄዳሉ።

ሁሉም ፊልሙ መልካም ነው አንልም። በዚያው ዓመት «አርያን» ብሎ በሠራው ነጭን ከሌላው ዘር የሚያስበልጥ ሐሳብ በግልጽ አለበት፤ ሜክሲካውያንም በሥራዎቹ ውስጥ በአንድ ዓይን እንደ ተሣሉ የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ከነባሮቹ ልጆች ጋር ያደገ ሰው ከዚህ የተሻለ ሊያውቅ በተገባው ነበር።

ፈረሱ ፍሪትዝ ይባላል፤ ቡራቡሬ ነው፣ ቁመቱም ትልቅ አልነበረም። ሐርት ከኢንስ ጋር በገንዘብ ሲጣላ ፈረሱን ለሁለት ዓመት ያህል ከፊልም ቢያወጣው ተመልካቾች ፍሪትዝ የት ሄደ እያሉ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር።

የቤቱ ነገር ግን እንደ ፊልሙ አልሆነለትም። በአንዲት ሴት እይታ የሚለወጥን ሰው ስንት ጊዜ የተጫወተው ሐርት፣ በ1921 መጨረሻ ዊኒፍሬድ ዌስቶቨር የምትባል ተዋናይ አገባ። እሱ 57፣ እሷ 22 ዓመታቸው ነበር። ጥቂት ወር ኖረው ተለያዩ። በ1922 ወንድ ልጅ የተወለደው ከተለያዩ በኋላ ነው፤ ፍቺው በ1927 ጸደቀ። ሌላ ሚስት አላገባም። ከእኅቱ ከሜሪ ጋር ኖረ።

ሥራውም እየቀዘቀዘ ሄደ። ቶም ሚክስ የሚባል፣ ልብሱ የሚያብለጨልጭ፣ ፈረስ ላይ ሰርከስ የሚሠራ ካውቦይ መጣና ሕዝቡ ወደዚያ ጎረፈ። ቀልደኛው በስተር ኪተን ደግሞ በ1922 የሐርትን አለቃቀስ እያስመሰለ ቢያሾፍበት ሐርት ለብዙ ጊዜ አኮረፈው። ኩርፊያው አልገረመንም፤ ሰው በሚያምንበት ነገር ሲሾፍበት ያመዋል።

የመጨረሻ ፊልሙ በ1925 የወጣው «ተምብልዊድስ» ነው። በ1893 ኦክላሆማ ውስጥ መሬት ለቀደመ ሲታደል ሺህ ሰው በፈረስና በጋሪ የተሽቀዳደመበትን ቀን ያሳያል። ጥር 23 እንጅባራ ወርዶ የአገው ፈረሰኞችን ሲጋልቡ ያየ ሰው ያንን ትዕይንት ለመገመት አይቸገርም። አከፋፋዩ ድርጅት ፊልሙን በደንብ አላሠራጨልኝም ብሎ ሐርት ከሰሰ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ተፈረደለት።

በ1929 ዋያት ኧርፕ የሚባለው ስመ ጥር የሕግ አስከባሪ ሎስ አንጀለስ ላይ ሞተ። የድሮው ምዕራብ ሰው ሲሆን የሐርት ወዳጅ ነበር። አስከሬኑን ከተሸከሙት ሰዎች መካከል ሐርትና ቶም ሚክስ ነበሩበት። ገበያውን የወሰደበትና ገበያው የተወሰደበት በአንድ ሳጥን ሥር ትከሻቸውን ሰጡ። እኛ ዕድርተኞች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋንም። የሐርትን ታሪክ ለዚህ መጽሔት እንድንመርጥ ያደረገንም ይኸው ነው።

በ1939 «ተምብልዊድስ» እንደ ገና ሲታይ ከፊቱ አንድ አጭር ፊልም ተጨመረበት። ሐርት በ74 ዓመቱ፣ ኒውሆል በሚገኘው እርሻው ላይ ቆሞ ይናገራል። በድምፅ አልባው ዘመን የተወዳጁት ተመልካቾች በፊልም ሲናገር የሰሙት ያኔ ነው፤ ያውም ለስንብት። ስለ ፈረስ ግልቢያው፣ ስለ ነፋሱ፣ ከፊት ፊት ስለሚሄደው ካሜራ፣ ስለ ሞተው ስለ ፍሪትዝ ይናገራል፤ የድሮ የቴአትር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ፍሪትዝ በ1938 ሞቶ እዚያው እርሻው ውስጥ በክብር ተቀብሮ ነበር። እኅቱ ሜሪ ደግሞ በ1943 ዐረፈች።

ሐርት ሰኔ 1946 በ81 ዓመቱ ሞተ። በኑዛዜው እርሻውንና ቤቱን ለሎስ አንጀለስ አውራጃ ሕዝብ ተወ፤ ሕዝቡ በሳንቲሙ ፊልሜን እያየ ያሠራኝ ቤት ነውና ለእሱ ይመለስ የሚል ሐሳብ ነበረው። ልጁ ኑዛዜውን በፍርድ ቤት ተቃወመ፤ አልቀናውም። ቤቱ በ1958 ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ፤ የሚገባ ሰው ገንዘብ እንዳይጠየቅም ተደረገ። የፈረሱ መቃብር እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሐርት ራሱ ግን አገር አቋርጦ ኒው ዮርክ ብሩክሊን ተወስዶ፣ ግሪንውድ በሚባለው መቃብር ከቤተሰቦቹ ጎን ተቀበረ።