ጆን ብራውኒንግ

ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ (ጃንዩዌሪ 23 ቀን 1855 – ኖቬምበር 26 ቀን 1926 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የጦር መሣሪያ ፈልሳፊ ነበር። በዩታ፣ በኦግደን ከተማ ተወለደ፤ ሙያውንም የተማረው ጠመንጃ ሠሪ ከነበረው ከአባቱ ከጆናታን ብራውኒንግ ነው።

ከሥራዎቹ መካከል በጣም የታወቀው የአሜሪካ ጦር በ1911 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ባለ .45 ካሊበር ሽጉጥ ነው። የዚህ ሽጉጥ ካዝና 7 ጥይቶችን በአንድ ረድፍ ስለሚይዝ እጀታው ቀጭን ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ ጦር ብዙ ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ ፈለገ። ጥይት ሲበዛ እጀታው ስለሚወፍር ለመያዝ አስቸጋሪ ይሆናል። ኤፍ ኤን በተባለው የቤልጂየም ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዲዩዶኔ ሴቭ ጥይቶችን በሁለት ረድፍ አፈራርቆ የሚይዝ ካዝና ነደፈ፤ ብራውኒንግም ለዚሁ ካዝና የሚስማማ የሙከራ ሽጉጥ ሠራ። የተመረጠው ባለ 9 ሚሊሜትር ጥይት ከ.45ቱ ቀጭን ስለሆነ እጀታው ከመጠን በላይ አልወፈረም።

ብራውኒንግ ሥራው ሳያልቅ በቤልጂየም፣ በሊየዥ አካባቢ በልብ ድካም ሞተ። ንድፉን ሴቭ ጨርሶት በ1935 እ.ኤ.አ. 13 ጥይት የሚይዘው «ሃይ ፓወር» ወጣ። የፈረንሳይ ጦር ግን ሌላ ሽጉጥ መረጠ።

በኋላ ዘመን የ1911ዱ ሽጉጥም ባለ ሁለት ረድፍ ካዝና ሆኖ ተሠርቷል፤ ቀጭኑ የመጀመሪያው ዓይነት ግን እስከ ዛሬ መመረቱ አልቀረም።