ዐፄ ይኩኖ አምላክ፦ የሸፈተው ንጉሥና ስሙ የተሰወረው ተሸናፊ

ከላሊበላ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ገነተ ማርያም የምትባል ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን አለች። ዙሪያዋ በአለት ዓምዶች የታጀበ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ሰው በግድግዳዋ ላይ የአንድ ንጉሥ ሥዕል ያያል፤ አብሮት ያለው ጽሑፍም ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠራው እርሱ እንደሆነ ይመሰክራል። ንጉሡ ይኩኖ አምላክ ነው። የገነተ ማርያም የግድግዳ ሥዕሎች በአገራችን ዘመናቸው በውል ከሚታወቅ ሥዕሎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ እንደሆኑ የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ።

የሚገርመው ግን ቦታው ነው። ላስታ የዛጉዌ ነገሥታት አገር ነው። የእነ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ የእነ ላሊበላና የእነ ነአኩቶ ለአብ አገር ነው። ይኩኖ አምላክ ደግሞ በዛጉዌ ላይ ሸፍቶ፣ ጦር አሰባስቦ፣ ዙፋኑን የወሰደ ሰው ነው። ታዲያ በተሸናፊዎቹ ምድር፣ በተሸናፊዎቹ የአለት ጥበብ የአሸናፊው ምስል እንዴት ሊቆም ቻለ? ውድ አንባቢ፣ የዚህን ሰው ሕይወት ስንከታተል የምናገኘው የአንድ ንጉሥ ታሪክ ብቻ አይደለም። መሣሪያ ካነሣ ወገን ጋር ሰላም ሲወርድ ምን እንደሚገኝና ምን ተረስቶ እንደሚቀርም እናያለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሐይቁ ተማሪ

ይኩኖ አምላክ የተነሣው ከአምሐራ አውራጃ ነው። ይህም ያን ጊዜ ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው አገር ነው። ወገኖቹ የዘር ሐረጉን ከአክሱም ነገሥታት፣ በእነርሱም በኩል ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይቆጥሩለት ነበር። በዚህ አቆጣጠር ዛጉዌዎች የሌላውን ዙፋን የያዙ ናቸው፤ ይኩኖ አምላክ ግን የአባቶቹን ርስት የሚያስመልስ ወራሽ ነው። የመሸፈቱ ምክንያትም ሆነ የንግሥናው ማስረጃ ይኸው ነበር።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተጠበቀው ትውፊት እንደሚለው፣ ይኩኖ አምላክ በልጅነቱ በዚያ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዓ እጅ ተምሯል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ የተማሩ መነኩሴ ሲሆኑ፣ ወደ ሐይቅ የመጡት በ1248 አካባቢ ነው። መጻሕፍት አሰባሰቡ፣ ደቀ መዛሙርትም አፈሩ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በእነዚያ የሐይቅ ዓመታት የተፈጠረው ትውውቅ በኋላ የአገሪቱን ታሪክ ለውጧል።

እስር፣ ማምለጥና ሽፍትነት

በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የዛጉዌ መንግሥት ከውስጥ ተዳክሞ ነበር። ከንጉሥ ላሊበላ በኋላ ዙፋኑ ለልጁ ለይትባረክ ነው ወይስ ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ የሚለው ጠብ ቤተ መንግሥቱን ከፋፈለው። በደቡብ በኩል ደግሞ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወስደው የንግድ መንገድ ለአምሐራና ለሸዋ ሰዎች አዲስ ጉልበት ሰጣቸው።

ትውፊት እንደሚተርከው፣ የዛጉዌው ንጉሥ ይኩኖ አምላክን ይዞ በማሎት አምባ አሰረው። ይኩኖ አምላክ ግን አመለጠ፤ በአምሐራና በሸዋም ተከታዮች አፈራ። በዛሬ ቋንቋ እንናገር ካልን፣ የመሣሪያ ትግል የጀመረ አማፂ ሆነ። በመጨረሻም በ1270 ነገሠ፤ የንግሥና ስሙንም ተስፋ ኢየሱስ አለ።

ይህ እንዴት እንደሆነ የሚናገሩት ትውፊቶች ግን ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሊቆሙ አይችሉም።

በእርቅ ወይስ በደም?

አንደኛው ትውፊት የእርቅ ታሪክ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሁለቱ ወገኖች መካከል ገብተው አስታረቁ፤ ነአኩቶ ለአብም ደም ሳይፈስ ዙፋኑን ለቀቀ ይላል። ከ1769 ጀምሮ ኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የስምምነቱን ነጥቦች እንደሰማቸው ጽፏል። የዛጉዌ ንጉሥ ሥልጣኑን ይለቃል፤ እርሱና ዘሮቹ ግን በላስታ ርስታቸው ለዘላለም ይጸናላቸዋል፣ ነጋሪታቸውና ክብራቸውም ይጠበቅላቸዋል። ከአገሩ መሬት አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም ሢሶው፣ ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል።

ሁለተኛው ትውፊት የጦርነት ታሪክ ነው። ይኩኖ አምላክ የመጨረሻውን የዛጉዌ ንጉሥ ተዋግቶ አሸነፈው። ንጉሡም ሸሽቶ በጋይንት በሚገኝ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተጠጋ፤ እዚያው በተማጸነበት ቦታ ተገደለ ይላል። ይህ ትውፊት የተገደለውን ንጉሥ ዘኢልመክኑን ይለዋል፤ የተሰወረው፣ የማይታወቀው እንደማለት ነው። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት ሥራቸው ይህ ሰው የላሊበላ ልጅ ይትባረክ እንደሆነና ስሙ ከመዝገብ ሆን ተብሎ እንደተፋቀ አስረድተዋል። ለንግሥናው የላቀውን ድጋፍ የሰጡትም የሐይቁ አባ ኢየሱስ ሞዓ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተማጽኖ ሳለ ተገደለ። ቀጥሎ ስሙ ተሰረዘ። ከዚያም በኋላ ነገሩ ሁሉ በሰላም እንደተፈጸመ የሚናገር ታሪክ ተስፋፋ። ሰውየው ሁለት ጊዜ ተገደለ ማለት ነው፤ መጀመሪያ በጦር፣ ቀጥሎም በዝምታ።

ስምምነቱ ያስገኘው በጎ ነገር

ሆኖም ለይኩኖ አምላክ ዘመን የሚገባውን መመስከር ተገቢ ነው። የተሸነፈው ቤት ከሥሩ አልተነቀለም። የዛጉዌ ዘሮች ዋግሹም በሚል ማዕረግ አገራቸውን ማስተዳደር ቀጠሉ። ዋግሹሞች በንጉሥ ፊት በወንበር የመቀመጥ ልዩ ክብር እንደነበራቸው ይነገራል። የዛጉዌ ነገሥታት ምንም እንኳ ዙፋን ነጣቂ ተብለው ቢወቀሱ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ በቤተ ክርስቲያን እንደ ቅዱሳን መከበራቸው አልቀረም። አዲሱ ንጉሥም የቀደሙትን ሕንፃዎች አላፈረሰም፤ ይልቁንም በእነርሱ አምሳል ገነተ ማርያምን አሠራ።

ተሸናፊን ያላዋረደ ሰላም ዕድሜ አለው። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ የዋግሹሞች ቤት አልጠፋም ነበር። ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ሲገደል ልጁ ዋግሹም ጎበዜ ሸፈተ፤ ቴዎድሮስ በ1868 ከሞተ በኋላም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። በ1871 ዓድዋ አጠገብ በካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በተባለው፣ እስኪሸነፍ ድረስ ገዛ። ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያሳያል። ክብሩ የተጠበቀለት ቤት ለዘመናት ሰላም ይዞ ሊኖር ይችላል፤ የተገደለበትን አባት ፍትሕ ያላገኘ ልጅ ግን ጫካ ይገባል።

የቀረው ነገር

ታዲያ በዚያ እርቅ ውስጥ ያልተነሣ ጉዳይ ምን ነበር? ትውፊቱ የሚነግረን የነጋሪትን፣ የወንበርን፣ የማዕረግንና የመሬትን ድርሻ ነው። ዙፋኑ ለይኩኖ አምላክ፣ ላስታ ለዛጉዌ ዘሮች፣ ሢሶው ለካህናት ሆነ። ሐይቅም ድርሻዋን አገኘች፤ የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ከፍ ያለ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ተሰጣቸው። አስታራቂዎቹ ራሳቸው ተካፋይ ነበሩ ማለት ነው። አስታራቂ የሆነ ወገን ከእርቁ ጥቅም ሲያገኝ፣ ስለተገፋው የሚናገረው አፍ ማን ይሆናል?

መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ በትውፊቱ ውስጥ የለም። ጦር ባለፈበት አገር ከብቱ የተነዳበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁ የሞተበት ሰው ምን እንደተካሰ የሚናገር አንድ ቃል አናገኝም። ለካህን፣ ለንጉሥና ለአራሽ መሬትን በሦስት የመክፈሉ አሳብ በቃል ተወርሶ ቢቆይም፣ ገባሩ በተግባር የሁለቱንም ሸክም ሲሸከም ኖሯል። ይህ የመሬት ሥርዓት መልኩን እየለዋወጠ እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ዘልቋል።

የሚያሳዝነው፣ የአገራችን ሰው በመንደሩ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ያውቃል። በአማራ አገር ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ነገሩን ሸፍነው አያልፉትም። ገዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳ ይከፍላል፣ የሟች ቤተ ዘመድም ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው በመሐላ ቂም የሚቀረው። በነገሥታት እርቅ ግን የሟች ዘመድ ወንበር ባዶ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያነብ ሰው ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። የሳኦል ቤትና የዳዊት ቤት ሲዋጉ ቆይተው፣ የጦር አለቃው አበኔር ለሰላም ወደ ኬብሮን መጣ (2ሳሙ 3)። ከስምምነቱ በኋላ ግን ኢዮአብ በተንኰል ገደለው። ዳዊት ኢዮአብን በዚያን ጊዜ ሊቀጣው አልቻለም። ቢሆንም ግድያውን ግድያ ብሎ ጠራው፣ በሕዝብ ፊት አለቀሰ፣ ከቃሬዛው ኋላ ሄደ፣ ገዳዩም ማቅ እንዲለብስ አዘዘ። ፍርዱ ቢዘገይም እውነቱ በዚያው ቀን ተነገረ። የይኩኖ አምላክ ወገኖች የሰሎሞንን ዘር ሲቆጥሩ፣ ይህን የሰሎሞንን አባት ሥራ ግን አልወረሱም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ይኩኖ አምላክ 15 ዓመት ገዛ። ከግብፁ የማምሉክ ሱልጣን ከባይባርስ ጋር በየመን ገዢ አማካይነት ተጻጽፎ ጳጳስ እንዲላክለት ለመነ፤ ልመናው ግን አልሠመረለትም። በ1285 ሞተ፤ ልጁ ይግባ ጽዮን ተተካ። ይግባ ጽዮን በ1294 ሲሞት ልጆቹ በዙፋኑ ላይ እየተፈራረቁ እስከ 1299 ድረስ አገሩ አልረጋም። በኋላም የንጉሣውያን ቤተ ሰብ ወንዶች ዙፋን እንዳይሹ በግሸን አምባ ላይ የሚታሰሩበት ሥርዓት ጸና። በጉልበት የተገኘ ዙፋን ከገዛ ልጆቹም ይፈራል። ሆኖም ከይኩኖ አምላክ ዘር ነን የሚሉ ነገሥታት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1974 ከዙፋን እስከ ወረዱበት ቀን ድረስ ገዝተዋል።

ለእኛ የሚናገረው

የገነተ ማርያምና የላሊበላ ሕዝብ ጦርነትን በመጽሐፍ ብቻ አያውቀውም። በነሐሴ 2021 ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ ነበር፤ እስከዚያ ዓመት መጨረሻም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራለች። በኅዳር 2 ቀን 2022 የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ጠመንጃ ዝም ማለቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ የስንቱን ሕይወት አትርፏል። ስምምነቱ እውነት እንዲወጣና ተጠያቂነት እንዲኖር የሚያደርግ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ፖሊሲውን በ2024 አጽድቋል። ነገር ግን ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ የላስታ ገበሬም እንደገና በሁለት እሳት መካከል ሆነ።

በሌላው ዓለምም ይኸው ጥያቄ ተፈትኗል። በሴራሊዮን በ1999 በሎሜ የተፈረመው ስምምነት ለታጣቂዎች ሁሉ ምሕረት ሰጠ፤ በዓመቱ ግን ውጊያው አገረሸ። በኮሎምቢያ ደግሞ መንግሥትና ፋርክ በሃቫና ሲደራደሩ 60 ተጎጂዎች በ2014 በየተራ ወደ ድርድሩ ተጠርተው የደረሰባቸውን በሁለቱም ወገኖች ፊት ተናገሩ። የ2016ቱ ስምምነት እውነቱን ለሚናገር ቀለል ያለ ቅጣት፣ ለሚሸሽግ ግን ከባድ ቅጣት የሚሰጥ ፍርድ ቤት አቋቋመ። እርሱም ጉድለት አያጣውም፤ የሟች ዘመድ ወንበር ግን ባዶ አልነበረም።

ሰላም ይወርድ ዘንድ አንዳንድ ጊዜ ምሕረት ያስፈልጋል። ከሸፈተ ሰው ጋር መቀመጥ ውርደት አይደለም፤ የተሸነፈን አለማዋረድም ጥበብ ነው። ይህን ከይኩኖ አምላክ ዘመን መማር እንችላለን። ነገር ግን ምሕረት የሚሰጠው ለታወቀ በደል ነው። ስሙ ለተሰወረ ሟች ማን ይቅርታ ሊጠይቅ ይችላል? በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ የአሸናፊው ምስልና ስም ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። በጋይንት የተገደለው ሰው ግን ዛሬም የሚጠራው ዘኢልመክኑን ተብሎ ነው። በእኛ ዘመን ለሰላም የሚቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ፖለቲከኞችና የሃይማኖት አባቶች ማዕረግና መሬት ከማካፈላቸው በፊት የሟቾቹን ስም ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ያኑሩ። የሰላም አምላክ ለአገራችን እውነት ያለበትን ሰላም ይስጥልን።